ፓኔል ለምታሠሩ ሁሉ፦ ከርካሽ የባስባር ኢንሱሌተር ተጠንቀቁ

ለወፍጮ ቤት፣ ለብረታ ብረት ወርክሾፕ ወይም ለሕንፃ የኃይል ማከፋፈያ ፓኔል የምታሠሩ ወገኖች፣ በእኔ የደረሰው በእናንተም እንዳይደርስ ይህን እጽፋለሁ። የወርክሾፔ ፓኔል ሲሠራ ባስባሮቹን (ኃይሉን የሚያከፋፍሉትን የመዳብ ዘንጎች) የሚሸከሙትን ቀይ ኢንሱሌተሮች (ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ የፕላስቲክ መያዣዎች) ራሴ ነበርሁ የገዛሁት። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ጎናቸው ላይ የታተመውን 660 ቮልት አሳየኝ፤ ኤሌክትሪሽያኑም በሜገር (ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለማፍሰሳቸውን በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ ጉድለት አላገኘባቸውም። ዋጋቸው ከሌላው ግማሽ ያህል ስለነበር ሌላ ሳልጠይቅ ከፈልሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአንድ ትልቅ ሞተር ኬብል ሾርት አደረገ። ብሬከሩ ወዲያው ቢቆርጥም ፓኔሉ ሲከፈት ከዘጠኙ ኢንሱሌተሮች አራቱ ተሰብረው፣ ሁለት ባስባሮች ተጣመው ሊነካኩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቀርቷቸው አገኘናቸው። ስባሪው ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው፤ ጥንካሬ የሚሰጠው የመስታወት ክር አንድም አይታይበትም፤ ቡሎኑ የሚገባበት ጥርስ የወጣለት ነሐስም ከፕላስቲኩ ተላቆ ቡሎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ቮልቱ ሐሰት አልነበረም። የጎደለው ግፊትን የመቋቋም ጥንካሬ ነው። ጎን ለጎን የተዘረጉ ባስባሮች ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ይሳሳባሉ ወይም ይገፋፋሉ፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆንም ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 315 ኪሎ ቮልት አምፔር በሆነ ትራንስፎርመር ላይ መደበኛው 455 አምፔር ሲያልፍ፣ በ6 ሴንቲሜትር የተራራቁ ባስባሮች በየሜትሩ የሚገፋፉት 150 ግራም በማይሞላ ክብደት ልክ ነው። የትራንስፎርመሩ ኢምፔዳንስ (በሾርት ጊዜ አምፔሩን የሚገድበው የውስጥ መቋቋም) 4 በመቶ ከሆነ ግን በሾርት ጊዜ የአምፔሩ ጫፍ 22,000 ገደማ ሊደርስ ስለሚችል ግፊቱ በየሜትሩ ከ160 ኪሎ ያልፋል፤ ይህም የሚሆነው በመጀመሪያዋ የሰከንድ መቶኛ ውስጥ፣ ብዙ ብሬከሮች ቆርጠው ሳይጨርሱ ነው። እንደ እኔ በየ60 ሴንቲሜትሩ አንድ ኢንሱሌተር ብቻ ካሰራችሁ መካከለኛው ወደ 100 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሜገር ይህን ጨርሶ አይለካም።

ስባሪውን ይዤ ስመለስ ሻጩ እንደገና ያንኑ 660 ቮልት አሳየኝ፤ ደረሰኝ ስላልተቀበልሁ ገንዘቤም አልተመለሰም።

ስለዚህ ስትገዙ ኢንሱሌተሩ ከጎን ሲገፋና ሲጎተት ስንት ኒውተን እንደሚችል፣ ቡሎኑም በስንት ኒውተን ሜትር መጥበቅ እንዳለበት የሚገልጽ የአምራቹን ሰነድ ጠይቁ፤ ሻጩ ከሌለው አትግዙ። ሙሉ ፓኔል የምትገዙ ደግሞ አይኢሲ 61439 በተባለው ዓለም አቀፍ የፓኔል ደረጃ መሠረት የሾርት ሰርኪት ፍተሻ ማለፉን የሚያረጋግጥ ሰነድ ተቀበሉ። ተመሳሳዩን ዕቃ አስቀድማችሁ ካስገባችሁ ኃይሉን ከትራንስፎርመሩ አስቆርጣችሁ እያንዳንዱን ኢንሱሌተር በባትሪ ብርሃን አስፈትሹ፤ በነሐሱ ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እንኳ ከታየ ሁሉንም አስቀይሩ። በመካከላቸው ተጨማሪ ማስገባት የእያንዳንዱን ሸክም በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የተበሳሳውን ግን አያጠነክረውም።