ባለ 150 ዋት የስቱዲዮ መብራት፦ ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ

ይህን የኤል ኢ ዲ መብራት ባለ 120 ሳንቲሜትር ሶፍትቦክሱን (ብርሃኑን የሚያለሰልሰውን የጨርቅ ሳጥን) ጨምሬ የገዛሁት መስከረም ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ያለችው ስቱዲዮዬ አራት ሜትር በአምስት ሜትር ናት፤ ግድግዳዋ ነጭ ነው። መጀመሪያ አካባቢ መብራቱን በሙሉ ኃይሉ እየለቀቅሁ ከደንበኛው ሁለት ሜትር ተኩል አርቄ አቆመው ነበር። ፎቶግራፉ ብሩህ ይሆናል፤ ፊቱ ግን ጉንጭና አፍንጫው ሳይለይ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል።

በጥር ከመሐል ሜዳ ለልጃቸው ሠርግ የመጡ እናት አዲስ ነጠላ ተከናንበው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ብርሃኑ ዐይኔን ወጋኝ፤ ዝቅ አድርግልኝ» አሉኝ። «እሺ እማማ» ብዬ ኃይሉን ወደ 20 በመቶ አወረድሁና ሶፍትቦክሱን እስከ አንድ ሜትር አስጠጋሁት። ርቀቱ እንዲህ ሲያጥር ብርሃኑ አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚበረታ፣ ፊታቸው ላይ ያረፈው ከቀድሞው ብዙም አልተለየም። መብራቱ ግን ከቅርብ ሲታይ ሰፊና ለስላሳ ሆነላቸው፤ የተጨፈነው ዐይናቸው ተከፈተ። በካሜራው ላይ አይ ኤስ ኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ክፍተት) 2.8፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሴኮንድ በቂ ነበር።

የቀረው ነጠላው ነው። ነጭ ጥጥ ከጠይም ፊት ይልቅ ብርሃን ስለሚመልስ ፈትሉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የሶፍትቦክሱን አፍ ትንሽ ቀና ሳደርገው ደረታቸው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቀነሰና የሽመናው መስመር አንድ በአንድ ታየ። በግራቸው በኩል ከቤት ያመጣሁትን ጥቁር የመንዝ ባና ሰቀልሁ። ወፍራሙ ሱፍ ከግድግዳው የሚመለሰውን ብርሃን ውጦ አስቀረው፤ የጉንጫቸው አጥንት ወጣ፣ በግንባራቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ክብሩን አገኘ። ያን ምስል በካሜራው መስኮት ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ባናው ከዚያ ቀን ወዲህ አልወረደም።

አሁን በሰኔ የምርቃት ጋዋን የለበሱ ወጣቶች በብዛት ይመጣሉ፤ የሚፈልጉት ነጭ ጀርባ ነው። ለጀርባው ሁለተኛ ትንሽ መብራት አለኝ። ከተመራቂው ፊት ይልቅ አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም በእጥፍ፣ ካበራሁት ይበቃል፤ ሁለት ስቶፕ (አራት እጥፍ) ሲደርስ ብርሃኑ ከኋላ እየተመለሰ የፀጉሩን ጠርዝ ይበላዋል፣ ጥቁሩም ጋዋን ወደ ግራጫ ያደላል። ተመራቂውን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ማራቅም ግድ ነው።

ጉድለቱን ልናገር። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ለፎቶግራፍ ምንም አይደለም፣ ቪዲዮ ስቀርጽ ግን ድምፁ ይገባል። የሶፍትቦክሱ የፊት ጨርቅ በአምስተኛው ወር ከስፌቱ ተተረተረ፤ ሻጩ ለብቻው አይሸጥም ስላለኝ በአቡጀዲ አሰፋሁት፤ ቀለሙ ትንሽ ቢሞቅም በካሜራው አስተካክለዋለሁ። ከሁሉ የከፋው ባትሪ አለመቀበሉ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሙሽሮችን ተቀምጠው እንዲጠብቁ ማድረግ በጣም ያሳዝነኛል።

ብርሃኑ ራሱ ከመጀመሪያው ቀን አልደከመም፣ ቀለሙም አልተለወጠም። ልትገዙ የምታስቡ ግን ባትሪ የሚገጥምለትን ምረጡ፤ የሶፍትቦክሱ ጨርቅም ለብቻው ይገኝ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።