በር የሚዘጋው ዕጢና ጠባቂ የሚያባብለው ዕጢ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ከዛፍ ጥላ ስር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ጎረቤቴ እትዬ የወንድማቸውን የአንጎል ዕጢ ምርመራ ወረቀት ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ።» ጣታቸው ያረፈበት መስመር «አይዲኤች፦ ለውጥ አለ» ይላል። «ባይኖርስ ይሻል ነበር?»

አይዲኤች የሚባለው ጂን የተለወጠበትም ያልተለወጠበትም የአንጎል ዕጢ ከሰውነት መከላከያ ያመልጣል። መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። የሐረርን ጀጎል አስቡት።

አይዲኤች ጂኑ የተለወጠው ዕጢ በሩን ይዘጋል። የተበላሸው ኢንዛይም ቱ-ኤችጂ የተባለ ኬሚካል ያመርታል። ኬሚካሉ የሰውነት ተከላካይ የሆኑትን ቲ ሴሎች «ኑ» ብለው የሚጠሩትን መልእክቶች ይቀንሳል። እንደምንም የገቡትንም ያዳክማል።

ይህ ለውጥ የሌለው፣ ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉ የአንጎል ዕጢ ደግሞ ጠባቂውን አስገብቶ ያባብላል። ኤንኤፍ1 የተባለው ጂን ሲጠፋ ማክሮፋጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ወደ ዕጢው ይጎርፋሉ። ሊበሉት የሚገባቸው ሴሎች ሞግዚቱ ሆነው ያርፉታል። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ። ፒቴን የተባለው ጂን ሲጠፋም ፒዲ-ኤል1 ይበዛል፤ ቲ ሴሉን «ተው፣ ተመለስ» የሚል ፕሮቲን ነው። ይህን ምልክት የሚያግደው ኒቮሉማብ የተባለ መድኃኒት አገርሽቶ በመጣ ግሊዮብላስቶማ ላይ ተሞክሮ ዕድሜ አላራዘመም። አንዱን መሰናክል ማንሳት ብቻውን አልበቃም።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ለውጡ ያለበት። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ታማሚውም ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ኢንዛይሙን የሚያግደው ቮራሲዴኒብ የተባለ እንክብልም በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለደረጃ 2 ዕጢ ተፈቅዷል። ፈውስ ግን አይደለም፤ ይህንንም አልደበቅኳቸውም።

እትዬ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።