ማሽን ልግዛ ወይስ ዶሮ ላስታቅፍ?

ሰሞኑን ሦስተኛ ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው ያው ነው። «የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ልግዛ ወይስ ዶሮ ላስታቅፍ?» በስልክ መድገም ሰለቸኝ፣ እዚሁ ልጻፈውና ይገላግለኝ። መልሴን አልደብቅም። እንደኔ አራት ኪሎ አካባቢ ጠባብ ግቢ ውስጥ አምስት ስድስት ዶሮ የምታረቡ ከሆነ የሀበሻ ዶሮ አስታቅፉ። ማሽኑን እኔ ገዝቼላችኋለሁ፣ እናንተ አትግዙ።

ከብሩ እንጀምር። ባለ 56 እንቁላል ማሽን ከመርካቶ በ14,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ ከ16,000 ነው የወረደልኝ፤ አተረፍኩ ብዬ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አቅፌ አመጣሁት። ለም እንቁላል፣ ማለትም አውራ ካለበት ቤት የተጣለ፣ አንዱን በ28 ብር ገዛሁ። 56ቱ 1,568 ብር። የሱቅ እንቁላል እንዳትሞክሩ። እንቁላል ለገበያ የሚያቀርብ እርባታ ውስጥ አውራ የለም፣ 21 ቀን ጠብቃችሁ የምታገኙት ግማት ነው። የሳሶ ወይም የቦቫንስ (የፈረንጅ ዶሮ ዝርያዎች ናቸው) እንቁላል አስፈልፍሎ እናቱን የሚመስል መጠበቅም ትርፉ ድካም ነው፤ ዲቃላ ስለሆኑ ልጆቹ ይዘበራረቃሉ።

የመጀመሪያው ዙር፣ 56 ገብቶ 19 ወጣ። እነሱም በ21ኛው ቀን ሳይሆን በ23ኛው፣ ግማሾቹ መቆም እያቃታቸው። ሻጩ ጋ ስደውል «እንቁላሉ ነው» አለኝ። እኔ ግን ነገሩ አላማረኝም። የልጄን የትኩሳት መለኪያ አምጥቼ እንቁላሎቹ የነበሩበት ጥግ ላይ አስቀመጥኩት። የማሽኑ መስታወት 37.8 ይላል፣ የልጄ መለኪያ 36.2። አየር የሚያዞር ፋን ያለው ማሽን 37.5 አካባቢ መሆን አለበት። አንድ ዲግሪ ከምናምን ለሰው ምንም አይደለም፣ ለጫጩት ግን ሁለት ቀን መዘግየትና ደካማ እግር ነው። (በነገራችን ላይ ሌላ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ትክክለኛነቱን ለመፈተሽ ካሰባችሁ በበረዶ ውሃ ነው፤ 0 ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ 100 አልነካም ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።)

ሁለተኛው ዙር ላይ ሙቀቱን አስተካከልኩ። እንቁላሎቹን በባትሪ መብራት ሳያቸው ደም ስራቸው ተዘርግቷል፣ ደስ ብሎኛል። በ16ኛው ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ፣ ላዩን በጋቢ ጠቀለልኩ፣ እንቅልፍ የለም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ መብራቱ ሲመጣ ጉልበቱ ጨምሮ መጣና ቦርዱን አቃጠለው። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ እያየ ሳቀ፣ «ፋኑ የኮምፒውተር ፋን ነው፣ ቦርዱ ደግሞ ፎርጅድ ነው» አለኝ። 1,800 ብርና አራት ቀን ወሰደብኝ። 56ቱም እንቁላል ቆሻሻ ገንዳ ገባ።

ሦስተኛው ዙር 24 ወጣ፣ ይሄኛው ደህና ነው። ሁለቱን ግን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ቅርፊቱን ሰብረው አፋቸውን ሲያወጡ ላግዝ ብዬ ክዳኑን ደጋግሜ ከፈትኩ፤ እርጥበቱ ወጣ፣ ስስ ገለፈቱ ላያቸው ላይ እንደ ወረቀት ደረቀና እዚያው ተጣብቀው ቀሩ። ከ18ኛው ቀን በኋላ እንቁላል አይገላበጥም፣ ክዳንም አይነካም።

እንግዲህ ደምሩት። ማሽኑ 14,500፣ የሦስት ዙር እንቁላል 4,704፣ ጥገና 1,800። ጠቅላላ 21,004 ብር ለ43 ጫጩት፣ አንዱ 488 ብር! መብራቱን አልቆጠርኩም፣ እንቅልፌንም።

ታቃፊዋን ዶሮ የሸጡልኝ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ናቸው። ማሽኑን ያዩ ቀን «ዶሮ እያለ ለሳጥን ይሄን ሁሉ ብር ትከፍላለህ ልጄ?» ብለው ታዘቡኝ። ሾላ ገበያ በ900 አይቼ ነበር፣ እሳቸው 1,100 አሉኝና ሳልከራከር ከፈልኩ። ምክንያቱም ገበያ ላይ ያለችው ታቃፊ ትሁን አትሁን ማንም አያውቅም፤ ሻጩ ሁሉ «ታቅፋለች» ነው የሚለው። የእሳቸዋ ግን ቀድሞውንም ተኝታ ነበር። ላባዋን አሳብጣ፣ እጄን ስሰድ እያጉረመረመች፣ ሆዷ ስር ላባው ረግፎ ቆዳው እንደ ምጣድ ይግላል። ክንፏ ስር ቅንቅን ፈልጌ አጣሁ። በጨለማ አምጥቼ ጭድ ያለበት እንቅብ ውስጥ፣ መጀመሪያ ለሙከራ ሁለት ተራ (ለም ያልሆነ) እንቁላል ላይ አስቀመጥኳት። በሁለተኛው ቀን አለመነሳቷን ሳይ ተራዎቹን አውጥቼ 11 ለም እንቁላል ተካሁላት። በቀን አንዴ ተነስታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ኩስ ጥላ ትመለሳለች። መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ ግድ የላትም።

9 ወጣ። 1,100 ሲደመር 308፣ ለዘጠኝ ሲካፈል 156 ብር። ዶሮዋም አለች።

ጉዳቷን አልክድም። ታቅፋ ከዚያም ልጆቿን እያሳደገች ሦስት ወር ገደማ እንቁላል የለም። በአንዴ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ነው የምትችለው፣ ስለዚህ 50 ጫጩት ለመሸጥ ያሰበ ሰው ይሄን ጽሑፍ ይዝለለው፤ ለእሱ ባትሪ ያለው ጥሩ ማሽን ይሻለዋል። ድመትና ጭላትም አሉ።

ለኔ ነገሩን የቆረጠው ግን ዋጋው ብቻ አይደለም። ከመንጋው ጋር ማቀላቀል ነው። የማሽኑን ልጆች ካርቶን ውስጥ በአምፖል አሳድጌ በሰባት ሳምንታቸው ከአራቱ ትልልቅ ዶሮዎች ጋር ለቀቅኳቸው። ጥቁሯ የግቢው እመቤት ናት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ የአንዱን ጭንቅላት ነቆረችው። ደም ሲታይ ሌሎቹም ተከተሉ። ሮጬ ባላነሳው አልቆለት ነበር። ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት) ቀባሁት፣ ቁስሉን ያደርቃል፣ ደግሞም ቀዩ ሲሸፈን መናቆሩ ይቀንሳል። ከዚያ መሐሉን በሽቦ ወንፊት ከፍዬ አሥር ቀን እየተያዩ አቆየኋቸው፣ መመገቢያውን ሁለት ቦታ አደረግኩ፣ ያቀላቀልኳቸውም ማታ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ሽቦው ራሱ 650 ብር ነው። የእናቲቱን ልጆች ግን ያቀላቀለቻቸው እሷው ናት። ጥቁሯ አንዴ ጠጋ አለች፣ እናት ክንፏን ዘርግታ እስከ ቧንቧው ድረስ አባረረቻት፣ በቃ። ዘጠኙ ከእግሯ ስር እያሉ ያደጉት ቦታቸውን እያወቁ ነው።

የ45 ቀን ቄብ መግዛትስ? ለቸኮለ ሰው ይሆናል፣ እኔ አንዱን በ350 ብር አግኝቻለሁ። ከታወቀ ቦታ ከሆነ ክትባት ወስዶ ይመጣል። ቤት የተፈለፈለ ግን አልተከተበም፣ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከገባ ደግሞ ግቢውን ባዶ ያደርጋል። የክትባቱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ግዙ።

አንድ የዋጋ ነገር ልጨምር። ለም እንቁላል የምገዛው ሁዳዴ ሲገባ ነው፣ ያኔ የሚበላው ስለሚቀንስ ይወርዳል፤ ዘንድሮ 21 ብር ድረስ አግኝቻለሁ። ከሚፈለፈለው ግማሹ ወንድ መሆኑ አይቀርም። የካቲት መጨረሻ ያስታቀፋችሁት ወንድ ታዲያ ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል፣ የዶሮ ዋጋ በዚያ ሳምንት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ብቻ ከአንድ በላይ አውራ አታቆዩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሁለቱ ሲመላለሱ የጎረቤት መስኮት ይንኳኳል።

ማሽኑን በ9,000 ብር ለሽያጭ አውጥቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ መጥቶ 7,000 አለኝ፣ ልስማማ ነበር። «ችግር አለው እንዴ?» ሲለኝ የትኩሳት መለኪያውን አምጥቼ አሳየሁት። አመስግኖኝ ወጣ፣ በር ላይ ሲደርስ ዞሮ የጎረቤቴን ቤት ጠየቀኝ።