ከጎንደር ባሕር ማዶ መደወል፦ ለሰላምታም ለወሬም የሚበቃው የትኛው መንገድ ነው?

በጎንደር ሰላምታ አጭር አይደለም። እናቴ አሜሪካ ቨርጂኒያ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጋር ስትነጋገር የእሱን ጤና፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የሥራውን፣ አልፎም አይታቸው የማታውቃቸውን ጎረቤቶቹን ሁሉ በየተራ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳዩ አትገባም፤ አንድ እሑድ ሰዓት ይዤ ስመለከት ዋናው ወሬ የተጀመረው 5ኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነበር። ስለዚህ ወደ ውጭ አገር የሚደወልባቸውን መንገዶች የምመዝናቸው በደቂቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ የቀረውን ነገር ሳይሳቀቁ ለመጨረስ በማስቻላቸው ጭምር ነው። ከወንድሜ ሌላ አክስቴ እስራኤል ውስጥ ኔታንያ፣ የእህቴ ልጅ ደግሞ ዱባይ ስለሚኖሩ፣ ያልሞከርነው ዘዴ ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው በቀጥታ ከሞባይል መደወል ነው። 0ን ተጭኖ በመያዝ የመደመር ምልክቱን ማውጣት ወይም 00 ብሎ መጀመር፣ ከዚያ የአገሩን መለያ፣ ለአሜሪካ 1፣ ለእስራኤል 972፣ ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 971 አስከትሎ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል። የድምፁ ጥራት አስተማማኝ ነው፤ በማናቸውም ስልክ ይሠራል፤ የሚደወልለትም ሰው ምንም ነገር መጫን አይጠበቅበትም። ችግሩ ሒሳቡ ነው፤ ካርድ ሞልቼ ለአክስቴ በደወልሁ ቁጥር፣ ገና የጓደኞቿን ደህንነት እየነገረችኝ ሳለ መስመሩ ይቋረጥ ነበር። እሷም ተቆጥታ የዘጋሁባት ይመስላት ስለነበር፣ ቀጣዩ ጥሪ ይቅርታ በመጠየቅ ይጀመራል። ወደ ውጭ በቀጥታ መደወል የግድ የሚሆንበት ሰው ካርድ ከመሙላቱ በፊት በኢትዮ ቴሌኮም *999# ላይ ገብቶ የዓለም አቀፍ ጥሪ ጥቅሎችን ቢመለከት ይሻለዋል፤ ነገር ግን ጥቅሉ የሚደውልበትን አገር ማካተቱንና የአገልግሎት ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ ሳያነብ መግዛት የለበትም። እኔ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለሚደወልላት አክስቴ በጥቂት ቀን የሚያበቃ ጥቅል ገዝቼ፣ ግማሹን ደቂቃ ሳልነካው አልፎብኛል።

ይህን መንገድ ውድ ነው ብሎ ጨርሶ መጣል ግን አይገባም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በስልካችን ላይ የነበሩት መተግበሪያዎች ሁሉ ጌጥ ሆነው ቀርተው ነበር። ያን ጊዜ ወንድሜን የማገኘው ሚስኮል አድርጌለት እሱ መልሶ ሲደውል ነበር፤ የሚስኮሉም ሕግ በቤታችን የታወቀ ነው፣ አንድ ጊዜ ጠርቶ ከቆመ «ሲመችህ ደውል»፣ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከጠራ «አሁኑኑ ደውል» ማለት ነው።

ዳታ ሲኖር ግን ኢሞ፣ ዋትስአፕና ቴሌግራም ከማናቸውም ዘዴ ይበልጣሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሁለቱም ሰዎች መተግበሪያው ካላቸው ድምፁ በኢንተርኔት ስለሚተላለፍ፣ በውጭ አገሩና በእኛ የስልክ ኩባንያዎች መካከል የሚከፈል የጥሪ ማሳለፊያ የለም፤ የሚወጣው ዳታ ብቻ ነው፣ ኔታንያም ሆነ እዚሁ ጎንደር ያለው አዘዞ ቢደወል ልዩነት የለውም። ከወንድሜ ጋር በዋትስአፕ 20 ደቂቃ በድምፅ ብቻ አውርተን የዳታ ቆጣሪውን ብመለከት የወሰደብኝ 10 ሜጋባይት እንኳ አልሞላም፤ በቪዲዮ ያደረግነው ተመሳሳይ ጥሪ ግን ከ100 ሜጋባይት በላይ በልቷል። ስለዚህ ቪዲዮውን ለበዓልና ለሕፃናት ማሳያ አስቀምጦ የዘወትሩን በድምፅ ማድረግ ያዋጣል። በዋትስአፕ ማስተካከያ ውስጥ ለጥሪ የሚውለውን ዳታ የሚቀንስ ምርጫ ስላለ እሱን ማብራትም አይከፋም፤ ድምፁ ጥቂት ቢደበዝዝም ኔትወርክ በሚዳከምበት የምሽት ሰዓት ጥሪው ቶሎ አይቆረጥም። ከሦስቱ እኔ ዋትስአፕን አስቀድማለሁ፤ ኢሞ ደካማ መስመር ላይ ሳይቀር ይሠራል፣ ዓረብ አገር ያሉትም ለምደውታል፣ ነገር ግን የሚያመጣው ማስታወቂያና ከማያውቁት ሰው የሚመጣው ጥሪ ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ዱባይ ላይ ነገሩ ይለያል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ቢያልፍም ጥሪው የታገደ ነው፤ እዚያ የሚፈቀዱት እንደ ቦቲም ያሉ ፈቃድ ያላቸው መተግበሪያዎች ናቸው። የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደች ሰሞን ስልካችንን እያየን «ይጠራል ግን አታነሳም» ብለን ሦስት ቀን ተጨንቀናል። አሁን በየሌሊቱ የድምፅ መልእክት እንቀያየራለን፤ በእኔ ግምት ከጥሪ ያላነሰ ነው፣ ምክንያቱም እሷ ከሥራ ወጥታ ስትተኛ ታዳምጠዋለች፣ ሲከፋትም ደግማ ትሰማዋለች።

ከመተግበሪያዎቹ ይልቅ ያስቸገረኝ እነሱን የሚጭኑልን ሰዎች ጉዳይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ እናቴን ወስጄ ስማርት ስልክ ገዛሁላትና፣ ልጁ በትሕትና «እማማ፣ እኔ ልክፈትልዎት» ብሎ መተግበሪያውን ጫነላት፤ ስምዋን በአማርኛ ጻፈላት፣ የወንድሜን ፎቶግራፍ ከቁጥሩ ጋር አያይዞ አሳያት፣ ዋጋውም ተገቢ ነበር። እስከዚህ ድረስ አገልግሎቱን ማመስገን ይገባል። ነገር ግን የመመዝገቢያው ባለ 6 አሐዝ ቁጥር የመጣው ልጁ ራሱ በሸጠልንና በእናቴ ስም ባልተመዘገበ ሲም ካርድ ላይ ነበር። እኛ ያንን ሲም አውጥተን ጣልን፤ ከወራት በኋላ ስልኩ ሲበላሽ መተግበሪያውን በአዲስ ስልክ ለመክፈት ብንሞክር፣ ማረጋገጫው ወደ ጠፋው ቁጥር ስለሚላክ ከእጃችን ወጣ። ወንድሜ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ባዶ ቁጥር ሲደውል ቆየ። የሚጭንላችሁ ሰው ማንም ይሁን፣ ሲሙ በእናንተ ስም የተመዘገበና በየጊዜው የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ያንን ባለ 6 አሐዝ ቁጥርም «ተሳስቼ ወደ አንቺ ልኬዋለሁ» እያለ ለሚጠይቅ እንግዳ ፈጽሞ አትንገሩ።

አዲሱ ስልክ ከመጣ በኋላም እናቴ የቪዲዮ ጥሪ ሲመጣ ስልኩን እንደ ለመደችው ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። ወንድሜ ቨርጂኒያ ላይ ሆኖ የሚያየው የጉትቻዋን ፍሬና የነጠላዋን ጥለት ነው፤ እሱም «እማዬ፣ ፊትሽን አሳዪኝ» ይላታል፣ እሷም አገሩ ሩቅ መሆኑን እያሰበች ድምጿን ከፍ አድርጋ «እየሰማሁህ ነው!» ትላለች። አሁን ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ጠረጴዛ ላይ በማቆም ግማሽ መፍትሔ አግኝቻለሁ።

አዘዞ የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ግን ባለ ቁልፉን ተራ ስልክ አልለቅም ብለዋል፤ ከውጭ ያለ ሰው ሊያገኛቸው የሚችለው በተራ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። ቀድሞ ወንድሜ በስካይፕ ሒሳብ ሞልቶ ይደውል ነበር፤ በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው ስካይፕ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተዘጋ በኋላ ግን እንደ ሬብቴል ያሉ ከመተግበሪያ ወደ ተራ ስልክ የሚያስደውሉ አገልግሎቶችን ሲያፈላልግ ቆይቷል። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ሞባይል መደወል ወደ ብዙ አገሮች ከመደወል ይልቅ ይወደዳል፤ ከመተግበሪያ ወደ ተራ ስልክ የሚደረግ ጥሪ ነፃ የማይሆነውም፣ ጥሪው በመጨረሻ ወደ አገር ውስጥ መስመር ሲገባ ተቀባዩ ኩባንያ ስለሚያስከፍል ነው። ከዚህ ክፍያ ለማምለጥ ጥሪውን በስውር በአገር ውስጥ ሲም ካርዶች የሚያስተላልፉ ሰዎች አሉ፤ ከአሜሪካ የተደወለ ጥሪ በስልካችሁ ላይ 09 ብሎ በሚጀምር የማታውቁት ቁጥር ከታየ ምናልባት በዚህ መንገድ መጥቶ ይሆናል። ድምፁም ብዙውን ጊዜ ዘግየት ይላል፣ ይቆራረጣል፤ ጋሼም የማያውቁትን ቁጥር ስለማያነሱ ርካሹ ጥሪ ሳይደርሳቸው ይቀራል። ሥራውም በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ከልክ በላይ ርካሽ ነው የሚባል የጥሪ ካርድ ከውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁ ሲገዙ ቢጠራጠሩ መልካም ነው።

በአሁኑ ጊዜ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በቨርጂኒያ የቀኑ እኩሌታ ገደማ ሲሆን፣ ወንድሜ በዋትስአፕ ይደውላል፤ ጋሼ ከአዘዞ መጥተው እኛ ቤት ካደሩ እሳቸውም ያነጋግሩታል፣ ካልመጡ ወንድሜ ከዚያው ባስቀመጠው ሒሳብ ለ10 ደቂቃ ይደውልላቸዋል። እኔ ደግሞ ለክፉ ቀን አንድ ቀጥታ ጥሪ የምታስችል ሒሳብ በስልኬ ላይ ሳልነካ አኖራለሁ፣ በየሳምንቱም *804# ብዬ አለመጉደሏን አያለሁ። ባለፈው እሑድ ሰላምታው ብቻ 9 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ጋሼ የወንድሜን ልጆች በየስማቸው ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ጎረቤት ያለው ውሻም እንዴት እንደሆነ ጠየቁ።