ማካሮቩን ለምን ካዝና ውስጥ ከተትኩት

አራት ዓመት ሙሉ ወገቤ ላይ የኖረው ማካሮቭ ሽጉጥ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል። ከላይ እስከ ታች ብረት ነው፤ ሲጨብጡት ልብ ይሞላል። ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ግን የምታጠቀው ሌላ ሽጉጥ፣ ግሎክ 19 ነው። ፈቃድ ኖሯችሁ "አሮጌውን ልያዝ ወይስ አዲሱን?" እያላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ፣ የኔን ስሙኝ።

በክብደት አትጨቃጨቁ። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ነው። ግሎኩ እጀታው ፕላስቲክ ስለሆነ ባዶውን ይቀላል። ግን 15 ጥይት ይጎርሳል፣ ማካሮቭ 8 ብቻ። ሁለቱም ሲሞሉ ወገብ ልዩነቱን አያውቀውም። ሸሚዝ ስር ለመደበቅ እንዲያውም ማካሮቩ ይሻላል፤ አጭር ነው።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ማቀቢያው፣ ሽጉጡ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ነገር፣ ነው። አንድ ቀን ተኩስ መለማመጃ ቦታ የጓደኛዬን ዋልተር ፒፒኬ ተዋስኩ። እሱም የድሮ ነው፣ ከማካሮቭ ጋር ዘመድ ይመስላሉ። ተኩሼ ስጨርስ እንደ ልማዴ ማቀቢያውን ወደ ላይ ገፋሁት። በማካሮቭ ወደ ላይ ማለት ታቅቧል ማለት ነው። በፒፒኬ ግን ወደ ላይ ማለት ለመተኮስ ዝግጁ! ጓደኛዬ አይቶ እጄን ያዘው። አፈሙዙ ወደ ዒላማው ነበር፣ ጣቴም ምላጩ ላይ አልነበረም። ምንም አልሆነም። ላብ ግን አጠመቀኝ። የድሮ ሽጉጦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፣ እጅ ደግሞ በድንጋጤ ሰዓት አስተርጓሚ አይጠራም።

ሌላው ጥይቱን መትቶ የሚያስነሳው መርፌ ነው። ማካሮቭ ውስጥ መርፌውን ቆልፎ የሚይዘው ነገር የለም። ግሎክ ውስጥ ምላጩ እስኪሳብ ድረስ መርፌው ተዘግቶ ይቆያል። ሽጉጥ ከእጅ ይወድቃል፤ ያልተያዘ መርፌ ደግሞ ሲወድቅ ጥይቱን ሊመታ ይችላል። የኔ ወድቆ ያውቃል።

ካዝና፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ መቀየርም አለ። የማካሮቭ ካዝና የሚላቀቀው ከእጀታው ግርጌ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። የግሎኩን በአውራ ጣት ብቻ ትጥሉታላችሁ። በነገራችን ላይ የሁለቱ ጥይት "9 ሚሊ" መባሉ አያታልላችሁ። የማካሮቩ ቀለህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ የግሎኩ 19። አይለዋወጡም።

ግሎክም ነቀፌታ አያጣም። የሚገፋ ማቀቢያ የለውም። ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት ካልገዛችሁ አትታጠቁት። የኔ የመጀመሪያው አፎት ለስላሳ ጨርቅ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን ጣልኩት። መልኩም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጡብ ነው።

ማካሮቩን ግን አልሸጥኩትም። በወር አንዴ ዘይት እቀባዋለሁ። የጥይት ካዝናውን አውጥቼ፣ ሽጉጡን የብረት ካዝና ውስጥ አስገብቼ እቆልፍበታለሁ።