አባቴን ያናገረችው ሲስተር

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለምትሠራ አንዲት ነርስ ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርስ ብዬ ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ሲስተር እያልኩ ልቀጥል።

አባቴ 61 ዓመቱ ነው። ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ነው የኖረው። ቡአ እንዳለበት ቤታችን ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር፤ እናቴም ጭምር። ለካ 7 ዓመት ሙሉ ብሽሽቱን በጨርቅ ጠፍሮ እያሰረ ነው የሚሠራው። ተደብቆ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሽቷልም። አፍሮ ነው።

ጤና ጣቢያ የሄድነው ለደም ግፊት ነበር። ሲስተር እየለካችው ሳለ ሳል ያዘውና ብሽሽቱን በእጁ ጫን አደረገ። አየችው። እኔን "እህቴ፣ ውጪ ትንሽ ጠብቂን" አለችኝና እንዲያየው ወንድ ጤና መኮንን ጠራችለት። እሷ ባታየው ኖሮ መድኃኒቱን ይዘን እንመለስ ነበር።

ስገባ እንዲህ እያለችው ደረስኩ።

"አባባ፣ ስፌቱ የላላ ጆንያ ሲሸከሙ ምን ይሆናል?"

"እህሉ ይወጣላ።"

"ይኸውልዎት፣ የሆድዎ ግድግዳ የሳሳበት ቦታ አለ። ሲያስሉ፣ ሲያምጡ፣ ሲሸከሙ አንጀት በዚያ ይገፋል። ሲተኙ ይመለሳል።"

"ታዲያ ማሰሩስ?"

"ጆንያውን ከላይ ቢያስሩት ስፌቱ ይጠገናል?"

አባቴ ሳቀ። በዕድሜ ዘመኑ የብሽሽት ቡአ የሚይዘው ከ4 ወንዶች አንዱ ያህል እንደሆነ ስትነግረው ደግሞ ትከሻው ላይ የነበረ ሸክም የወረደለት መሰለኝ።

ለእኔ የነገረችኝን እናንተም ያዙት። እብጠቱ ተኝቶም አልመለስ ካለ፣ ድንገት ጠንክሮ ካመመ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ካስመለሰው ወይም ጋዝና ሰገራ እምቢ ካለው፣ ነገ አይባልም። በኃይል ለመመለስ ሳይሞከር በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። የተጨመቀ አንጀት ደም ካጣ በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል።

የጎረቤቴ ሕፃን እምብርቱ ያበጠ ስለሆነ እሱንም ጠየቅኳት። የሕፃናት የእምብርት ቡአ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላቸው በራሱ ይዘጋል፤ ማሰር አያስፈልግም። የሕፃን ብሽሽት ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፤ በራሱ ስለማይዘጋ ቶሎ ሐኪም ይየው አለች።

በሪፈርና በጤና መድን ካርዳችን ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው ረዘም ብሎ ነበር፣ ደረሰን። ከወገቡ በታች አደነዘዙት፤ በቀዶ ጥገና አንጀቱን ወደ ቦታው መልሰው የሳሳውን ግድግዳ ለዚሁ በተሠራ መረብ አጠናከሩት። በማግስቱ ቤቱ ገባ።

ሲስተር ግን በዚህ አልተወችንም። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ቁስሉን ብቻ አይደለም የጠየቀችው። ሳሉ ለቀቀው? ሽንት ቤት ያስምጠዋል? ውሃና ጎመን አብዙለት፣ በእግሩ ይንቀሳቀስ፣ ለ6 ሳምንት ግን ከባድ ነገር እንዳያነሳ። ይህን ሁሉ የምታደርገው በር ላይ ሰው ተሰልፎ እየጠበቃት ነው።

አባቴ አሁን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሚዛን ላይ ነው የሚሠራው። የጆንያውን ነገር ለሥራ ባልደረቦቹ ነግሯቸው ሁለቱ ሄደው ታይተዋል። በዚያ ሰፈር ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ። እሱም ይህን ጨምሪልኝ ብሏል፦ "ልጄ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የወለድሽው ይባረክ።"