ሀዋሳ ውስጥ ቤዝመንት ያላችሁ፣ «በሳምንት ጨርሰን እናስረክባለን» የሚባለውን ፓኬጅ እንዳትቀበሉ

ክረምት ሳይገባ እንድታነቡት ነው ቶሎ የምጽፈው። ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ ቤዝመንት ላለው ሰው ሁሉ አንድ ፓኬጅ እየተሸጠ ነው። «ኢንሱሌሽንና ፊኒሺንግ አንድ ላይ፣ በሳምንት ቁልፍ እናስረክባለን» ይላሉ። ኢንሱሌሽን የሚሉት ቤቱን ከብርድና ከሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ነው። ሥራው ይሄ ነው፦ ግድግዳው ላይ ፕላስቲክ ይወጠራል፣ ሞራሌ ይመታል፣ በሞራሌዎቹ መሃል ፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ጂፕሰም ቦርድ ተለጥፎ ቀለም ይቀባል። ወለሉ ላሚኔት ይለብሳል። የሚልኩላችሁ ቪዲዮ ላይ በጣም ያምራል። ግድግዳችሁ እርጥበት ካለው ግን ብራችሁን ከግድግዳው ጋር እየቀበራችሁት ነው።

እህቴና ባለቤቷ ሀይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ያለ ቤታቸውን ቤዝመንት ለልብስ ስፌት ሊያከራዩ ብለው ይሄንኑ አሠሩ። ሥራው ሲጀመር ግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ዱቄት ነበር። እህቴ ጠየቀች። ሠራተኛው «እሱ የሲሚንቶ ላብ ነው እትዬ፣ ይሸፈናል» አላት። እውነትም ተሸፈነ። ዝናቡ ሲበረታ መጀመሪያ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ዞኮሎው አበጠ፣ ላሚኔቱ ተነሳ፣ ጂፕሰሙ ከታች ጀምሮ ጠቆረ። ተከራይዋ ጨርቆቿ ሁሉ ሻጋታ ሸተቱባትና ወጣች። ሰዎቹ ሲጠሩ «ችግሩ የቤታችሁ ነው እንጂ የኛ ሥራ አይደለም» አሉ፣ ከዚያ በኋላ ስልክም አላነሱም። ቦርዱ ሲነሳ ጀርባው ጥቁር በጥቁር ነው። ፕላስቲኩ ከኋላው ውሃ ቋጥሯል፣ ሞራሌው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

ያ ነጭ ዱቄት የሲሚንቶ ላብ ምናምን አይደለም። ውሃ ከውጭ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ጨው አሟሙቶ ይዞ ይመጣል፣ ፊቱ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ ዱቄቱን ካያችሁ ውሃ በግድግዳችሁ እየተመላለሰ ነው። እስከዛሬ ችግሩ ያልጎላው ግድግዳው ወደ ክፍሉ እየተነፈሰ ስለሚደርቅ ነበር። ፕላስቲክና ቦርድ ሲደረብበት መተንፈሻው ተዘጋ። እርጥብ ልብስ በፌስታል ቋጥሮ ቁምሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው። የጂፕሰም ቦርድ ፊቱ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ ለሻጋታ ምግቡ ነው። አንዴ ርሶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ ይሄ የቀለም መበላሸት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚያ ላይ ከተማችንን አስቡት። የሀዋሳ ሀይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲበዛ ሀይቁ ይሞላል፣ በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ከፍ ይላል። በበጋ ደረቅ ሆኖ ያያችሁት ቤዝመንት በነሐሴ ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አይተው ዋጋ የሚነግሯችሁ በጥርና በየካቲት ነው።

በጣም የሚያናድደኝ የኢንሱሌሽኑ ነገር ነው። ካናዳን በመሰሉ አገሮች ክረምቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ቤዝመንትን ከብርድ መጠበቅ ግድ ነው። እኛ ጋ ግን መሬት ጥቂት ሜትር ወደ ታች ሲገባ ሙቀቱ ከአካባቢው የዓመት አማካይ ብዙም አይርቅም፣ ሀዋሳ ላይ ይሄ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሰው የሚስማማ ሙቀት ነው! ታዲያ ፋይበርግላሱ ማንን ከምን ሊያድን ነው? ከፓኬጁ ትልቁን ብር የሚበላው ይሄው ነው። የሚያስፈልገን ውሃውን ከቤቱ ማራቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ፓኬጁ ውስጥ የለም።

ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የሚያሳይ ፕላስቲክ ቁረጡና ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። ወለሉ ላይም እንዲሁ። ቢያንስ 16 ሰዓት ተዉት። ጠል ከፕላስቲኩ ጀርባ ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚመጣው። በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ከሆነ ደግሞ የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮትና አየር ማስወጫ ያንሳችኋል ማለት ነው። ይሄን በበጋ ብቻ ሠርታችሁ አትርኩ፣ በዝናብ ወቅት ድገሙት። አዲስ ቤት ከሆነ ኮንክሪቱ ራሱ የተቦካበት ውሃ አለው። በልምድ በወር 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርቃል ይባላል፣ 10 ሴንቲ ወለል አራት ወር ይፈልጋል ማለት ነው፣ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ።

እርጥበቱ ከግድግዳው ከሆነ ከውጭ ጀምሩ፣ አብዛኛው ጊዜ ርካሹ መፍትሔ እዚያ ነው ያለው። አሸንዳው ውሃውን መሠረቱ ሥር እየደፋው ነው? ቱቦ ጨምራችሁ አርቁት። ሮቶው ያንጠባጥባል? የጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ ግድግዳችሁን ተጠግቷል? በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ያህል ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ አለበት። ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ ካልበቃ፣ ግድግዳውን ከውጭ እስከ መሠረቱ ድረስ አስቆፍሮ በሬንጅ ወይም በሜምብሬን (ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ) ማሸግ፣ ከሥር ደግሞ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በጠጠር ከቦ ውሃውን ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውሰድ ነው። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ቦታው ሜዳ ሆኖ ውሃው የሚሄድበት ከሌለ ጉድጓድና ፓምፕ ይጠይቃል፣ መብራት ደግሞ የሚጠፋው ዝናቡ ሲጥል ስለሆነ ጀነሬተሩንም አብራችሁ አስቡ።

«ከውስጥ ዋተርፕሩፍ ቀለም እንቀባለን» የሚሏችሁንም አትመኑ። ከግድግዳው ውጭ 1 ሜትር ከፍታ ውሃ ከቆመ ታችኛውን ክፍል በካሬ ሜትር ወደ 1 ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ቀለም ይሄን አይችልም፣ ይነፋና ይላጣል። ከውስጥ የሚሠሩ ሲሚንቶ ነክ ማሸጊያዎች አሉ፣ እነሱም ቢሆኑ የቀድሞው ቀለም ተፍቆ ባዶው ግድግዳ ላይ መመታት አለባቸው።

ግድግዳው በክረምትም ደረቅ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው። የሲሚንቶ ልስን፣ አየር የሚያስተላልፍ ቀለም፣ ወለሉ ሴራሚክ። ዕቃ ከግድግዳ ራቅ ይበል። የአየር እርጥበት መለኪያ ብትገዙ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ጠብቁ። የግድ ኢንሱሌሽን ካላችሁ ጠንካራው የፎም ቦርድ ራሱ ግድግዳው ላይ ይጣበቅ፣ መጋጠሚያው ይታሸግ፣ ሌላ ፕላስቲክ አይጨመርበት። ፎም በእሳት ጊዜ መርዛም ጭስ ስላለው ግን ተገልጦ አይተው።

የውሉን ነገር ሳልናገር አልሄድም። የነእህቴ ስምምነት በቃል ነበር፣ ከግማሽ በላይ ብር ደግሞ በቀብድ ተወስዷል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3039 ላይ ተቋራጭ ለሥራው ከርክክብ በኋላ 10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይናገራል፣ በመሬቱ ባሕርይ ምክንያት ለሚመጣ ጉዳትም ጭምር። ስለዚህ «ችግሩ የቤታችሁ ነው» የሚለው መልስ ዝም ብሎ የሚዋጥ አይደለም። ግን ወረቀት ያስፈልጋል። የሚሠራው ሥራ፣ የዕቃው ዓይነትና ውፍረት፣ ግድግዳው ከመሸፈኑ በፊት እርጥበቱ ታይቶ በሁለታችሁ መፈረሙ ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ አንድ ክረምት እስኪያልፍ ያዙ። እምቢ ካሉ ይሂዱ።

ቀድማችሁ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ከታች አንድ ጥግ ላይ ዞኮሎውን አንሱና ከቦርዱ እጅ የሚያስገባ ያህል ቆርጣችሁ ጀርባውን እዩ። ጥቁር ከሆነ ልጆችን ከዚያ አርቁ፣ ስትሠሩ ማስክ አድርጉ፣ በደረቁ አትፋቁት። ከማፍረሳችሁ በፊት ግን ሁሉንም በፎቶና በቪዲዮ ያዙ፣ ደረሰኙንና የቴሌግራም ጽሑፎቹንም አታጥፉ። እህቴ ጠበቃ ጋ ስትሄድ መጀመሪያ የተጠየቀችው እሱን ነው።